የሣቅ ምሽትና ሁለቱ ሒሳቦች



ባለፈው ሰሞን ከሂርና አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። እርሱና ጓደኞቹ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ሆነው፥ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች ርዳታ የሚሰበሰብበት አንድ ምሽት ለማዘጋጀት አስበዋል። «ከአዲስ አበባ ኮሜዲያን አስመጥተን አዳራሹን በሣቅ እንሞላዋለን፤ ገንዘቡም በዚያው ይሰበሰባል። ነገር ግን ኮሜዲያን እንዴት እንደሚጠራ፥ ምን እንደሚከፈለው፥ ምንስ ውል እንደሚገባ ከመካከላችን የሚያውቅ የለምና ምክርዎን እንሻለን» ይላል።

መልሱን ለእርሱ ብቻ መላክ ስችል በዚህ ገጽ ላይ ማውጣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለው አሳብ በአሰበ ተፈሪም፥ በገለምሶም፥ በበደሳም፥ ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ባለበት አገር ሁሉ የሚነሣ ነው። አሳቡም ደግ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፥ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው እንኳ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለተቸገረ ሊተርፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ደግ አሳብ ደግ ፍሬ እንዲያፈራ ሁለት ሒሳቦች በትክክል መዘጋት አለባቸው። አንደኛው የገንዘብ ሒሳብ ነው፤ ሁለተኛው የክብር ሒሳብ ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ያበላሹታል፤ ሁለተኛውን ግን መኖሩን እንኳ የሚያስቡት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛውን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ስለሆነ፥ ባፍርበትም ልንገራችሁ። እንደ እናንተ ወጣት ሳለሁ፥ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ፥ እንደዚሁ ያለ ምሽት በሚያዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። አዳራሹ ሞላ፤ የጠራነውም ቀልደኛ መጣ። ከመካከላችን አንዱ «የሚረዱትን ልጆች ሕዝቡ ቢያያቸው ልቡ ይራራል» ቢል ሁላችንም ተስማማን። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወደ መድረክ ወጥታ ደብተርና የደንብ ልብስ መግዛት እንዴት እንደቸገራት በአጭሩ ተናገረች። ቀልደኛውም ተራው ሲደርስ፥ በክፋት አይመስለኝም፥ ዓይኑ ከልጅቱ ጫማ ላይ ዐረፈና አንድ ነገር ጣል አደረገ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ከሣቁት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ያን ምሽት የተሰበሰበው ገንዘብ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ሰኞ ልጅቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ድርሻዋን ይዘን ቤቷ ብንሄድ እናቷ በሩ ላይ ቆመው፥ «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ ለሌላ ችግረኛ ስጡልኝ» ብለው መለሱን። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥረን ነበር፤ ልጅቱን ግን አልቆጠርናትም።

እንግዲህ የሂርናው ወዳጄ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር፥ ሰው የሚሥቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ አገር ሳይሄድ ከገዛ አገሩ የሚማረው አለ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚቆጠረው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት ነው። እኒህ ሰው በሩስያ ተምረው የተመለሱ፥ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በከተማነት ያቋቋሙ፥ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁ፥ በጣልያን ወረራ ጊዜም በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተሟገቱ ናቸው። ከስደት ከተመለሱ በኋላ የእርጅና ዘመናቸውን ያሳለፉት በሂርና እርሻቸው ላይ ነው፤ ያረፉትም በ1969 ዓ.ም. ነው።

ተውኔታቸው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት ታየ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ የሚነቀፈው ግን የአስተዳደሩ ብልሹነት ነበር። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ተቆጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱም ዘመን እንዳይታይ ታገደ። ልብ በሉ፤ ያ ኮሜዲያ የነካው ባለሥልጣኑን እንጂ ደኃውን አልነበረም። የአለቃ ገብረ ሐናም ቀልድ እስከ ዛሬ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው ትልቁን ሰው ሳይፈራ ስለሚጎነትል ነው። ከበላያችን ባለው፥ ከሁሉም ይልቅ በራሳችን ላይ መሣቅ ጨዋታ ነው፤ ርዳታ ፈልጎ በመጣ ሰው ላይ መሣቅ ግን ርዳታውን መልሶ መንጠቅ ነው።

«ታዲያ ቀልድና ርዳታ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ የተጀመረው በእኛው አገር ችግር ምክንያት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወገኖቻችንን በፈጀ ጊዜ፥ ሐምሌ 6 ቀን የዓለም ዘፋኞች ላይቭ ኤይድ የተባለውን ትልቅ የሙዚቃ ትርኢት እንዳደረጉ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በእንግሊዝ አገር ያሉ ቀልደኞችም «እኛስ?» ብለው ተነሡ። ደራሲው ሪቻርድ ከርቲስና ቀልደኛው ሌኒ ሄንሪ የመሠረቱት ኮሚክ ሪሊፍ የተባለው ድርጅት በፈረንጆች የልደት በዓል፥ ታኅሣሥ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.፥ በሱዳን ካለ አንድ የስደተኞች ሰፈር በቴሌቪዥን ሥራውን አስታወቀ። ጥር 27 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ «የቀይ አፍንጫ ቀን» ብለው በሰየሙት ዕለት ትልቁም ትንሹም አፍንጫው ላይ ቀይ ኳስ አድርጎ ዋለ፤ በዚያም ጊዜ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ።

በዚያ ቀን አፍንጫውን አቅልቶ ራሱን ያሣቀው ሰጪው ነው። የተቸገረውን ማንም መሣቂያ አላደረገውም። የክብሩ ሒሳብ የተዘጋው በዚህ ነው። ለገንዘቡ ሒሳብ ደግሞ «የወርቁ ፓውንድ» የሚሉት አንድ ደንብ አበጁ፤ ይኸውም ሕዝቡ የሰጠው እያንዳንዱ ፓውንድ ሳይሸራረፍ ለተረጂው እንዲደርስ፥ የድርጅቱ የሥራ ወጪ ከሌላ ምንጭ፥ ለምሳሌ ወጪውን ልንሸፍን ብለው ከሚመጡ ነጋዴዎች፥ እንዲገኝ የሚያዝዝ ነው።

ይህ ደንብ ለሂርና ምን ይጠቅማል? እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል፥ መግቢያውም 150 ብር ነው እንበል። ሁሉም ቢሸጥ 45,000 ብር ይሆናል። ለኮሜዲያኑ 20,000፥ ለእርሱና ለባልደረባው መጓጓዣ፥ አልጋና ምግብ 7,000፥ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ 6,000፥ ለማስታወቂያና ለትኬት ማሳተሚያ 3,000 ብር ቢወጣ፥ ጠቅላላው ወጪ 36,000 ብር ነው። ለልጆቹ የሚተርፈው 9,000 ብር ብቻ ይሆናል። 150 ብር የከፈለው ሰው «ለተማሪ ረዳሁ» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በእውነቱ ግን ለተማሪው የደረሰው ከዚያ ውስጥ 30 ብር ነው። አዳራሹ በግማሽ ቢሞላማ ኮሚቴው ባለዕዳ ሆኖ ያድራል።

ስለዚህ ትኬት ከመሸጣችሁ በፊት ወጪውን የሚሸከምላችሁ ፈልጉ። የሆቴል ባለቤቱን «ገንዘብ ስጠን» አትበሉት፤ «ሁለት አልጋ ለአንድ ሌሊት» በሉት። የጫት ወይም የቡና ነጋዴውን «የእንግዳውን መጓጓዣ ቻልልን» በሉት። ማተሚያ ቤት ያለውን ትኬቱን፥ የሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየውን መሣሪያውን ለምኑት። ለሰው የሚሰጠው ነገር ተለይቶ ሲነገረው እጁ ይፈታል። በከተማው ያሉ አፎሻዎችና ዕድሮችም ወንበርና ድንኳን አላቸው። ወጪው በዚህ መንገድ ካልተሸፈነ ኮሜዲያን የማስመጣቱን ነገር ለጊዜው ተዉት፤ በከተማው ልጆች ጨዋታ የሚደረግ ምሽት ይበቃል።

ወጪው ከተሸፈነ ወደ ኮሜዲያኑ እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስለ ዋጋ መናገር በማፈር ነው። ስልክ ደውሎ «ለበጎ ሥራ ነውና እባክዎን ይምጡልን» ይላል፤ ስለ ክፍያ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም። እንግዳው «ይከፈለኛል» ብሎ ይመጣል፤ ጠሪው «በነፃ ነው የመጣው» ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ ነው። የቀልደኛ ሥራ ሥራ ነው። አንድ ሰዓት መድረክ ላይ ለመቆም ስንት ቀን እንዳሰበና እንደተለማመደ እናንተ አታዩም። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ሂርና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሄጃውና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይወስድበታል። ስለዚህ «ሙሉ ዋጋህ ስንት ነው? ከዚያስ ለልጆቹ ብለህ የምትተውልን አለ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። የሚተወው ካለ በዚያ ምሽት በሕዝብ ፊት ይመስገን። የማይተው ከሆነም ቂም አትያዙ፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነውና።

ከተስማማችሁ በኋላ ነገሩን በጽሑፍ አድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል። አንደኛ፥ ቀኑን፥ ሰዓቱንና መድረክ ላይ የሚቆይበትን ደቂቃ ጻፉ። ሁለተኛ፥ ክፍያውን፥ ቀብዱን፥ ቀሪው የሚከፈልበትንም ጊዜ ጻፉ፤ ቀሪውን ከመድረክ እንደወረደ ስጡት እንጂ «ነገ ጠዋት» አትበሉት። ሦስተኛ፥ ምሽቱ ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን ተነጋገሩ። አራተኛ፥ በስልክ የመቅረጽ ነገር ይወሰን። በካሴት ዘመን የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን፥ የአለባቸው ተካንና የልመንህ ታደሰን ቀልድ ሰው በቃሉ ያውቀው ነበር። ዜማ ሲደጋገም ይጥማል፤ ቀልድ ግን አንዴ ከተሰማ ይበርዳል። ዛሬ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ ቀርጾ ቢለቅበት፥ ለእንግዳው የአንድ ዓመት እንጀራ በአንድ ሌሊት ሊጠፋበት ይችላል። ቀብዱን ተቀብሎ እስኪፈርም ድረስም የማንንም ስምና ፎቶግራፍ በማስታወቂያ ላይ አታውጡ። ያልመጣን ሰው ስም ሸጦ ገንዘብ መሰብሰብ፥ ለበጎ ሥራም ቢሆን፥ ማታለል ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ምን እንደማይነካ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሂርና የሚበዛው ሰው አፋን ኦሮሞ የሚናገርባት፥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። አገሩን የማያውቅ እንግዳ በሰው አነጋገር ወይም በሃይማኖቱ ሊያሥቅ ቢሞክር ከአዳራሹ ግማሹ ይሥቃል፥ ግማሹ ያቀረቅራል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና በኋላ ይቅርታ ቢባል አይመለስም። ስለዚህ ከእንግዳው ጋር በአፋን ኦሮሞ የሚጫወት የአገሩን ልጅ አሰልፉ። በሸጎዬ ጨዋታ ግጥም ሲቀባበል ያደገ ወጣት በሞላበት አገር ተጫዋች አይጠፋም። ለእንግዳውም ስለ ከተማው ጥቂት ነገር አጫውቱት፤ ስለ መንገዱ፥ ስለ ገበያው፥ ስለ እኛ ስለ ጸሐፊዎች ማኅተም ፍለጋ። ሰው በራሱ ኑሮ ሲሥቅ ሣቁ ከልብ ይሆናል።

ቀኑንም በጥንቃቄ ምረጡ። በረመዳንና በሰሞነ ሕማማት እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ሰሞን ደግሞ ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ መኪናውም አልጋውም ይወደዳል። በሌላ ጊዜ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጀምሩ፤ ሰው ወደ ቤቱ መመለሻ እንዳያጣ በጊዜ ጨርሱ። ገንዘብ ከሕዝብ ለመሰብሰብ አስቀድሞ ለወረዳው አስተዳደር ማመልከትና ፈቃድ በእጅ መያዝ እንደሚገባ ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያሻኝም።

አሁን ወደ ምሽቱ ጨረታ እንምጣ። በየአዳራሹ የተለመደ ነው፤ አንድ ሥዕል ወይም አንድ ሙክት ይቀርብና ቀልደኛው ማይክሮፎኑን ይዞ በሰዎች መካከል እየዞረ «አቶ እገሌ ዝም አሉ? ለካስ ኪሳቸው ተሰፍቶ ኖሯል!» እያለ ገንዘብ ያወጣጣል። ለባለጸጋው ይህ ጨዋታ ነው። ወር እስኪደርስ ቀን ለሚቆጥረው ወጣት ጸሐፊ ግን መከራ ነው። እፍረት ይዞት «1,000 ብር» ብሎ ይጠራል፤ በማግሥቱ ግን መክፈል አይችልም፤ ኮሚቴውን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ስለዚህ ጨረታው ይሁን፤ ግን የማንም ስም ሳይጠራ፥ ፈቅዶ እጁን ባወጣ ሰው መካከል ይሁን። ለቀረው በሩ አጠገብ የተቆለፈ ሣጥን አኑሩ፤ 10 ብር የሚጥለውም 1,000 የሚጥለውም እኩል ያልፋል። «ቃል የተገባ» እና «በእጅ የገባ» የሚባሉትንም በሁለት መስመር ለዩ፤ ያልተከፈለ ቃል ደብተር አይገዛምና።

በግልጽ የተቆጠረ ገንዘብ ሌላ ገንዘብ እንደሚስብ በቅርቡ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ትዩብ የቀጥታ ሥርጭት፥ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሕንፃ ማስጨረሻ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ሲያስተባብር፥ በአገር ውስጥም በውጭም ያለው ኢትዮጵያዊ የቻለውን ያህል ልኳል። ሕዝቡ የሰጠው ቀልደኛው ስላሣቀው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ስላወቀ ነው። እናንተም ምሽቱ ሳይበተን የተገኘውን ጠቅላላ ገንዘብ በመድረክ ላይ ንገሩ። በሳምንቱ ደግሞ ገቢውን፥ ወጪውንና ወጪውን የሸፈኑትን ሰዎች በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ፥ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው መርምሮ ፈርሞበት፥ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የልጆቹ ስም ግን እዚያ ወረቀት ላይ አይውጣ። የኪራዩን ገንዘብ የቤቱ አከራይ ደረሰኝ ሰጥቶ ይቀበል፤ ደብተሩን ልጆቹ ከሌሎች ተማሪዎች ሳይለዩ ከትምህርት ቤታቸው ይውሰዱ።

እነሆ፥ የሂርናው ወዳጄ፥ ምክሬ ይህ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ልጆች እነማን እንደሆኑ ማንም ሳያውቅ፥ እነርሱም እንደ ሌላው ሰው ትኬት ይዘው ከመካከል ተቀምጠው ሲሥቁ ያመሹ። ያን ጊዜ በማግሥቱ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ሂድና የክፍሉን ስም መጥሪያ ተመልከት። አንድም ልጅ ካልቀረ ሁለቱም ሒሳቦች ተዘግተዋል ማለት ነው። ምሽቱ ሲደርስ ቀኑን ጻፍልኝ፤ ትኬቱን ገዝቼ እመጣለሁ፤ ጫማዬ ያረጀ ስለሆነ ግን ከኋላ ወንበር አስቀምጠኝ።